አራሚውና የሸራው ጣሪያ

ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ አንድ አራሚ አይጠፋም። ሦስት ሰዎች አንድ ጥላ ሥር ቢቀመጡ አንዱ ያወራል፣ አንዱ ይሰማል፣ ሦስተኛው «ስህተት ነው» ይላል። ለቅሶ ቤት የሟችን ዕድሜ ያርማል። ሰርግ ላይ ሙሽራው በአያቱ በኩል የማን ዘመድ እንደሆነ ያስተካክላል። መንገድ ጠፍቶት ለሚጠይቅ እንግዳ፣ መንገዱን ከማሳየቱ በፊት የአጠያየቁን ጉድለት ያስረዳዋል። ምድር በውሃ የጠፋች ጊዜም አንድ አራሚ ግንድ ላይ ተንሳፍፎ፣ ውሃው የመጣው ከወዲህ ሳይሆን ከወዲያ መሆኑን እየተናገረ እንደተረፈ አልጠራጠርም።

የእኛው ክቡር አራሚ በቀድሞ ሕይወታቸው የትምህርት ቤት ተቆጣጣሪ ነበሩ። በአሁኑ ሕይወታቸው እንደ እኔው ስደተኛ ናቸው። ጦርነቱ ቤታቸውን፣ ሥራቸውንና የጥርሳቸውን እኩሌታ ወስዷል፤ ከደረት ኪሳቸው ያለችውን ቀይ እስክሪብቶ ግን አልደፈረም። ድንኳናቸውና ድንኳኔ አንድ ገመድ ይጋራሉ። እሳቸው ሲያስሉ የእኔ ጣሪያ ይንቀጠቀጣል።

እኛ ያልሰለጠንነው ስልጠና የለም። ሳሙና ማምረት ሰለጠንን፤ የሚታጠቡበት ውሃ አልነበረም። ዶሮ ማርባት ሰለጠንን፤ ዶሮዋ የመጣችው በሥዕል ነበር። ክቡርነታቸው ሥዕሉን ትክ ብለው አይተው «ስህተት ነው፤ ይሄ አውራ ነው» አሉና ግማሹ ቀን በክርክር አለቀ። ዘንድሮ ደግሞ የኮምፒውተር ስልጠና መጣልን። ከቆርቆሮ አዳራሹ ሳትወጣ፣ ሩቅ አገር ላለ ኩባንያ በኢንተርኔት ሠርተህ ደመወዝ ታገኛለህ ተባልን። ዕድሜዬን በሙሉ ፍልስፍና ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ነገሩን በልቤ ሳመላልሰው ይህን ያህል አገኘሁበት፤ ለሰውየው የተዘጋው ድንበር ለጣቱ ተከፍቷል።

አሰልጣኛችን በልጆቻችን ዕድሜ ያለች ትዕግሥተኛ ሴት ናት። በመጀመሪያው ቀን ሁላችንም የይለፍ ቃል እንድናወጣ አዘዘችን። የክቡርነታቸው ኮምፒውተር «የይለፍ ቃልዎ ደካማ ነው» የሚል ጽሑፍ አወጣ።

«ስህተት ነው» አሉ።

«ምን ብለው ነው የጻፉት፣ ጋሼ?»

«የአባቴን ስም። አባቴን ደካማ ያለው ሰው እስከ ዛሬ የለም።»

እንዲህ እንዲህ እያልን ሥራው ላይ ደረስን። ኩባንያው ከሰማይ የተነሱ ፎቶዎችን ይልካል። እኛ በፎቶው ላይ ያለውን ነገር ሁሉ እየከበብን፣ መንገዱን መንገድ፣ ዛፉን ዛፍ፣ ቤቱን ቤት ብለን እንጫናለን። ማሽኑ ከእኛ እያየ ይማራል። መጀመሪያ ግን ፈተና አለ፤ ውጤቱም የአዳራሹ የጋራ ውጤት ነው። አንዱ ከወደቀ ሁሉም ይወድቃል።

ወደቅን። ሁለተኛ ዕድል ተሰጠን፤ እሱም ካልሆነ ሥራው ለሌላ አዳራሽ ይሰጣል ተባለ። አሰልጣኟ ስህተታችንን ስታገላብጥ ቆይታ ቀና አለች።

«ከመካከላችሁ አንድ ሰው ሸራውን ሁሉ ‹ቤት› እያለ ነው።»

ማን ብሎ የጠየቀ የለም። አንገቱ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ዞረ።

«ጋሼ፣ መመሪያው እኮ ግልጽ ነው። ሸራ የለበሰ ‹ጊዜያዊ መጠለያ› ነው የሚባለው።»

«ስህተት ነው።»

«ምኑ ነው ስህተቱ?»

«ጊዜያዊ ያልሽው። ልጄ የተወለደችው እዚያ ውስጥ ነው። የዳርኳትም ከዚያው ነው። እናቷም ያረፈችው እዚያው ነው። ሰው ተወልዶበት፣ ተድሮበት፣ ሞቶበት ሲያበቃ ምን ይሉታል በአገራችሁ?»

«እኔ አይደለሁም ያልኩት፤ ኩባንያው ነው» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«እንግዲያው ኩባንያውን ጥሪልኝ።»

ከኋላ ሳቅ ተሰማ። በእኔና በእሳቸው መካከል የምትቀመጠው ልብስ ሰፊዋ ግን አልሳቀችም። ትልቋ ልጇ ሰሌዳው አልታይ ብሏት ትምህርቷን አቁማለች፤ እናት ከመጀመሪያው ደመወዝ መነጽር ልትገዛላት ቃል ገብታለች።

«ጋሼ፣ እንዳሉት ቤት ይሁን» አለች። «ቤትዎ ነው፣ ማን ይወስድብዎታል? እዚህች ላይ ብቻ ለእኔ ብለው ‹ጊዜያዊ› የሚለውን ይጫኑልኝ።»

እሳቸው እስክሪብቷቸውን ነካ ነካ አደረጉ።

በማግስቱ ሽማግሌ ተብዬ ተላክሁ። ፍልስፍና ያስተማረ ሰው አንድ አራሚ ማሳመን አያቅተውም ብለው ይሆናል፤ ያቅተዋል። የጋራ ገመዳችን አጠገብ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«አንተ ሰውዬ» አልኩ፣ «ስም እኮ ነገሩን አይለውጠውም። ጊዜያዊ ስላልከው አይፈርስብህም።»

«ካልለወጠው፣ አንተስ ስሙን ቀይር ብለህ ምን አስመጣህ?»

ፍልስፍናውን እዚያው ተውኩት።

«ልጅቷ ሰሌዳው አይታያትም» አልኩ።

ነፋሱ ሸራውን ሁለት ሦስት ጊዜ አርገበገበው።

«እሱ ስህተት አይደለም» አሉ በመጨረሻ።

የፈተናው ቀን ቀይ እስክሪብቷቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አጋደሟትና ሥራ ጀመሩ። ጊዜያዊ። ጊዜያዊ። ጊዜያዊ። በእያንዳንዷ ጠቅታ፣ ስም እንደሚጠራ ሰው ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። ረድፍ ሙሉ ሸራ ነው፤ ከየአንዳንዱ በታች አንድ ሰው ከነአባቱ ስም ተኝቷል።

አለፍን። ደመወዝም መጣ፣ መነጽሩም ተገዛ። ልጅቷ አድርጋው ስትመጣ ክቡርነታቸው ትክ ብለው አዩዋት፤ መነጽሩ በአንድ ወገን ተንጋድዷል፤ አላረሙም። ያን ጊዜ ነው የደነገጥኩት።

ብዙም ሳይቆይ ሥራው ቆመ። አሰልጣኟ ከኩባንያው የመጣውን ምስጋና አንገቷን ደፍታ አነበበችልን። ማሽኑ ከእናንተ በቂ ተምሯል፤ ከእንግዲህ ራሱ ይለያል፤ እንደ እናንተም አይሳሳትም የሚል ነው። ከዚህ በኋላ የማሽኑ ዓይን በየትኛውም ምድር ላይ ሲያልፍ፣ ሸራ ባየ ቁጥር ሰው ሳይጠይቅ ጊዜያዊ ይላል። ማን አስተማረህ ቢሉት እኛን ይጠራል።

«ስህተት ነው» እስኪሉ ጠበቅሁ። አዳራሹም ከእኔ ጋር የጠበቀ ይመስለኛል። እስክሪብቷቸውን አንስተው ወጡ።

ከዚያ ወዲህ ዝም አሉ። ማክሰኞን ረቡዕ ብዬ ሞከርኳቸው፤ ዝም። ለቅሶ ቤት ሰዎች የሟችን ዕድሜ አሥር ዓመት ጨምረው ሲያወሩ እሳቸው አጠገብ ነበርኩ፤ ዝም። ስንቱን ዘመን ምነው አንድ ቀን አፋቸውን በያዙልኝ ስል የኖርኩ ሰው፣ አሁን ሳል እንኳ ስሰማ አብሮት ቃል ይወጣ እንደሆነ ጆሮዬን እጥላለሁ። ሁሉም ልክ የሆነበት መንደር እንዴት ያለ ባዶ ነው።

ባለፈው ሳምንት ኃይለኛ ነፋስ የጋራ ገመዳችንን በጠሰው። ሁለታችንም ወጣን። እኔ እንደነገሩ ቋጠርኩና «ይበቃል፤ ለጊዜያዊ ነገር ምን ያደርጋል» አልኩ።

አጎንብሰው ቋጠሮዬን ፈቱት፣ ገመዱን ጠበቅ አድርገው ሳቡት፣ እንደገና አሰሩት።

«ስህተት ነው» አሉ። «ቤት እንዲህ አይታሰርም።»

ቀና አላልኩም፤ ፊቴን እንዲያዩት አልፈለግሁም። ወደ ሁለተኛው ካስማ ሄጄ፣ ያንንም ገመድ በተቻለኝ መጠን አበላሽቼ አሰርኩላቸው።