ከንፈር ላለው በር የሚሆነው ማጠፊያ

ባለሙያ መባል እንዴት ያለ ጣጣ እንደሆነ የሚያውቀው ባለሙያ የተባለ ሰው ብቻ ነው። ሰፈሩ አንዴ «አናጺው» ብሎ ከጠራችሁ በኋላ ስለ እንጨት መጠየቅ ቀረ። ስለ ጥርስ ሕመም ጠይቁ፣ ስለ ኪራይ ቤት ጠይቁ፣ ማንም አይታዘባችሁም፤ ስለ ቁምሳጥን በር ግን «ይሄ እንዴት ነው የሚገጠመው?» ካላችሁ አለቀላችሁ። እኔ ጁባ፣ ሙኑኪ ሰፈር ውስጥ አናጺ ተብዬ ስንት ዓመት ስኖር አንድም ነገር ጠይቄ አላውቅም። ብዙ ነገር ሳላውቅ የኖርኩትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ማማ ኛጎዋ የምትባል ጎረቤት አለችኝ። ጋምቤላ አድጋ ወደ አገሯ የተመለሰች ናት፤ አማርኛዋ ከእኔ ይፈጥናል። የአንድ ድርጅት እንግዳ ማረፊያ ቤት ስታጸዳ ኖራ፣ ቤቱ ሲዘጋ ግቢዋ ውስጥ ምሳ ቤት ልትከፍት ተነሣች። ፈቃድ የሚሰጠው ሰውዬ ደግሞ ሳህኑና ብርጭቆው በሩ ገጥሞ በሚዘጋ፣ አቧራና ዝንብ በማያስገባ ቁምሳጥን ካልተቀመጠ ፈቃድ የለም አላት። ሐሙስ ተመልሶ ሊያይ ቀጠራት። አራት ልጆች ለብቻዋ ታሳድጋለች፤ ከዚህ ምሳ ቤት ሌላ ተስፋ የላትም። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው እንግዲህ «እኔ አለሁልሽ» ያልኩት።

በሮቹን አሳመርኳቸው። ዳር ዳራቸውን ከኋላ በኩል ግማሽ ውፍረት ቀንሼ ከንፈር አወጣሁላቸው። ገላው ወደ ሳጥኑ ይገባል፣ ከንፈሩ ከውጭ ክፈፉ ላይ ያርፋል፣ አቧራ መግቢያ ያጣል። እስከዚህ ድረስ ጌታ ነበርኩ። ማማ ኛጎዋ ግን «ማጠፊያው ከውጭ እንዳይታይ፤ እንደ ማረፊያ ቤቱ ይሁንልኝ» አለችኝ። የማይታይ ማጠፊያ በሕይወቴ ገጥሜ አላውቅም። «እሱማ ቀላል ነው» አልኩ። አፌ ነው ያለው፤ እኔ የለሁበትም።

የቤት ዕቃና የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጡት ሐጂ ኑሩ ዘንድ ሄድኩ፤ የወሎ ሰው ናቸው። ሦስት ማጠፊያ ደረደሩልኝ፦ አንዱ አንገቱ ቀጥ ያለ፣ አንዱ ጎበጥ ያለ፣ አንዱ ጭራሽ የጎበጠ። ሌላው ነገራቸው ሁሉ አንድ ነው። ዓይኔ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲመላለስ ዞረብኝ።

«በርህ ክፈፉ ላይ የሚያርፍ ነው፣ ውስጥ የሚገባ ነው ወይስ ከንፈር አለው?» አሉኝ።

«ከንፈር አለው» ብሎ መመለስ አንድ ትንፋሽ አይፈጅም። እኔ ግን ፈተና መሰለኝና «ኦሪጅናሉን ይስጡኝ» አልኳቸው።

ሐጂ ቆይተው አዩኝ። «ሁሉም ኦሪጅናል ነው» አሉ ቀስ ብለው። ቀጥ ያለውን አነሣሁ፤ ቀጥ ያለ ነገር ምን ክፋት ይኖረዋል ብዬ።

ክፋቱን ማክሰኞ አየሁት። በሩ ክፈፉን እየገጨ አልዘጋ አለ። ጭራሽ የጎበጠውን ገዛሁ፤ በሩ ወደ ማዶ ሸሽቶ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተወና በግድ ስገፋው ተቀርቅሮ ቀረ። ጠዋት የማይዘጋ በር ነበረኝ፣ ከሰዓት የማይከፈት። መካከለኛውንም ገዝቼ ሞከርኩ፤ እሱም አልገጠመም። ቸግሮኝ ከላይ አንዱን ከታች ሌላውን ገጥሜ ላስታርቃቸው ብል በሩ እንደ ሰካራም ወደ ጎን ዘመመ። ማማ ኛጎዋ አጠገቤ ቆማ «በርታ፣ ጎበዝ» ትለኛለች። የሚገርመው፣ እኔም እሷን «ትንሽ ነው የቀረው» እላታለሁ።

ረቡዕ ከሰዓት ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ነገ እኮ ሐሙስ ነው» አለች። ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ በመሐረብ የተጠቀለለ አንድ አሮጌ ማጠፊያ አወጣች። «የማረፊያ ቤቱን ኩሽና ሲያፈርሱ ያነሣሁት ነው። የዚያም በር እንደዚህ ከንፈር ነበረው።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው ቦርሳሽ ውስጥ ያለው?»

«ከመጀመሪያው ቀን። አንተ አናጺ ነህ፤ እኔ ምን ብዬ ላሳይህ?»

ማጠፊያውን ይዤ ወደ ሐጂ ሮጥኩ። ገና ሳልናገር ከባንኮኒው ሥር ከሦስቱም የተለየ፣ ቁርጥ እሱን የመሰለ አዲስ ማጠፊያ አወጡ። «ሦስተኛውን ስትወስድ ከንፈር እንዳለው ገብቶኝ ነበር። ባለሙያ ማረም ግን ደስ አይልም» አሉኝ። አያችሁ? ሁለቱ ሰዎች አክብረውኝ ሊገድሉኝ ነበር። እኔስ ምን አልኳቸው? «ይህንኑ ነበር የፈለግሁት።»

ሐሙስ ሰውየው መጣ፤ በሩን ከፈተ፣ ዘጋ፣ በጣቱ ዳሩን ዳሰሰ፣ ፈቃዱን ፈረመ። ማማ ኛጎዋ እልል አለች። እኔም ደስታው እንባ አመጣብኝ፤ ከአሁን በኋላ ያየሁትን ፊት ለፊት እናገራለሁ ብዬ ለራሴ ማልኩ።

ቅዳሜ ምሳ ቤቱ ሲከፈት የመጀመሪያው ሳህን ለእኔና ለሐጂ ቀረበ፤ የባሚያ ወጥ። ጎረስኩ። ጨው ብቻ! ማማ ኛጎዋ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ፊታችን ቆማለች። «እንዴት ነው?» አለች።

ሐጂ አንድ ብርጭቆ ውኃ ጨልጠው «ማሻአላህ» አሉ። ተራው የእኔ ሆነ። አፌን ከፈትኩ። «ግሩም ነው፤ ጌታ ይባርክሽ» አልኩ።

ከኋላችን የተቀመጠ አንድ የቦዳቦዳ፣ የኪራይ ሞተር ብስክሌት፣ ነጂ ማንኪያውን አስቀምጦ በጁባ ዓረብኛ ጮኸ። «ማማ፣ ሚሌ ከቲር!» ጨው በዝቷል ማለቱ ነው። የምትከፋ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ። እሷ ሳቀች፤ ድስቱን መልሳ ጣደች፣ ቲማቲምና ውኃ ጨመረችበት፣ በደንብ አንተከተከችው። ሌሎቹ ደንበኞች ገና ከበር ሲገቡ የባሚያው ወጥ ተስተካክሎ ነበር። ማንም አልተቀየመም፤ ነጂው ደግሞ ጨምሪልኝ ብሎ በላ።

ለእኔም አዲስ ሳህን አመጣችልኝ። ዓይን ዓይኔን እያየች «አሁንስ?» አለችኝ።

«የቅድሙም ምንም አይል» አልኳት።