የሐኪሟ የሦስት ቀን ዕረፍት
የሐኪም መንፈስ ሳይረጋጋ የሕመምተኛ መንፈስ እንደማይረጋጋ በጥልቀት የተገነዘበው ጤና ጣቢያ፣ የሐኪሞችን የሥራ ጭንቀት የሚያስወግድ ኮሚቴ በደማቅ ሥነ ሥርዓት አቋቋመ። ኮሚቴው ሰባት አባላት አሉት። ሐኪሟ ግን አንድ ናት። ከሰባቱ አንዱ እንኳ ሐኪም ቢሆን ጭንቀቱ ያኔውኑ በቀነሰ ነበር ብለው የሚያሙ አልጠፉም፤ ምቀኛ መቼ ይጠፋል።

ሐኪሟ የቤተሰብ ሐኪም ናት። በቀን ስልሳ ሰው ታያለች፤ የሕፃኑ ጆሮ፣ የአባትየው ደም ግፊት፣ የአማትና የምራት ኩርፊያ ሳይቀር እሷው ዘንድ ይመጣል። ኮሚቴው ጭንቀቷን ለማቃለል በየሳምንቱ አርባ ሁለት ጥያቄ ያለው ቅጽ እንድትሞላ አደረገ። በምሳ ሰዓቷም «ምሳን ተረጋግቶ የመብላት ጥቅም» የሚል ሥልጠና ሰጣት። ምሳ ሳትበላ ተከታተለችው።

ይህ ሁሉ እንክብካቤ እየተደረገላት፣ አንድ ቀን እራት ላይ የሰባት ዓመት ልጇ ልትስማት ጠጋ ብትል፣ ሐኪሟ ቀና እንኳ ሳትል «ካመመሽ ስንት ቀንሽ ነው?» አለቻት። ልጅቷ ግራ ገብቷት ወደ አባቷ አየች። ሐኪሟ ከልጇ ጋር የምትውልበት ሦስት ቀን ካላገኘች ነገ ልጇን በካርድ ቁጥር መጥራቷ እንደማይቀር ገባት፤ በማግስቱ ፈቃድ ጠየቀች።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ደስታውን መደበቅ አቃተው፤ የተጨነቀ ሰው ሲመጣለት የመጀመሪያው ነበር። ሆኖም መመሪያው ጭንቀት በቤተሰብ ሐኪም ተመርምሮ ይረጋገጥ ይላል። ራስን በራስ መመርመር ደግሞ በጥብቅ የተከለከለ ነው። ስለዚህ ሐኪሟ ካርድ አውጥታ በገዛ ክፍሏ በር ላይ ወረፋ ያዘች። ቁጥሯ ሠላሳ አራት ነበር።

አጠገቧ የተቀመጡት አሮጊት ጥቂት ቆይተው ወደ እሷ ዞሩ።

«ዛሬ ምነው ወረፋው አልንቀሳቀስ አለ?»

«ሐኪሟ የለችም፣ እማማ።»

«የት ሄደች?»

«ወረፋ ይዛለች።»

አሮጊቷ ትክ ብለው አዩዋት። «እግዜር ይማርሽ፣ ልጄ» አሉና ግድግዳውን እንድትደገፍ ቦታ ለቀቁላት።

እኩለ ቀን ላይ የጎረቤቱ ጤና ጣቢያ ብቸኛ ሐኪም እያለከለከ ደረሰ። ሊመረምራት የመጣ መስሏት ተነሣች። እሱ ግን ያንኑ ቅጽ ይዞ ሊመረመር ነበር የመጣው፤ ኮሚቴ እነሱም ጋ አለ። ተያዩና በሳቅ ፈረሱ። ከዚያ ተራ በተራ አንዱ ሌላውን መርምሮ፣ ሁለቱም ደክመዋልና ሦስት ሦስት ቀን ይረፉ ተብሎ ተጻፈ።

ሁለቱ ኮሚቴዎች በጋራ ተሰብስበው ጥያቄውን በሙሉ ድምፅ አጸደቁ። ሐኪሟ ደብዳቤው እንደደረሳት ለልጇ ደውላ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሦስት ቀን ሙሉ ያንቺ ነኝ አለቻት። ሁለተኛውን ገጽ ያነበበችው ስልኩን ከዘጋች በኋላ ነው።

«ኅብረተሰቡ እንዳይጉላላ» ይላል ገጹ፣ «ሐኪሟ በሚያርፉባቸው ሦስት ቀናት የጎረቤቱ ሐኪም ተክተዋቸው ይሠራሉ። የጎረቤቱ ሐኪም በሚያርፉባቸው በእነዚሁ ሦስት ቀናት ደግሞ ሐኪሟ ይተኳቸዋል።»

ደብዳቤውን ይዛ ወደ ሰብሳቢው ቢሮ ገሰገሰች።

«ታዲያ እኔ የማርፈው መቼ ነው?»

ሰብሳቢው ከመቀመጫው ተነሥቶ በአክብሮት እጅ ነሣ።

«ዶክተር፣ እርስዎ እኮ አሁን ዕረፍት ላይ ነዎት» አላት። «የሥራ ጉዳይ ከሆነ ሲመለሱ እንነጋገራለን።»