ክቡር ሊቀ ሳል

ማዕረግ የወረሰ ጎረቤት ያለው ሰው ሌላ ፈተና አያስፈልገውም። ሀብት የወረሰ ቢያንስ ሀብቱን ሲጠብቅ ይውላል። ማዕረግ የወረሰ ግን ማዕረጉን የሚያይለት ሰው ያስፈልገዋል፤ ያ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ግድግዳ የሚጋራው ጎረቤቱ ነው። ይህ ዕጣ በአንዲት ከተማ በአንድ ፀጉር አስተካካይ ላይ ወጣ። ጎረቤቱ ክቡር ሊቀ ሳል ነበሩ።

ሊቀ ሳል ምን እንደሆነ ለማያውቅ፦ በዚያ መንግሥት ንጉሥ አዳራሽ ከመግባታቸው በፊት አንድ ሰው በሩ ላይ ቆሞ ይስላል። አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር። ያን ጊዜ የተቀመጠ ይነሣል፣ የሚያማ አፉን ይይዛል። ነገሩን የጀመሩት የሰውዬው ቅድመ አያት ናቸው። የቤተ መንግሥት በረኛ በነበሩ ጊዜ አቧራ ጉሮሯቸውን ያዛቸውና ሳሉ፤ ውስጥ ንጉሡን ሲቦጭቁ የነበሩ መኳንንት ደንግጠው ብድግ አሉ። ንጉሡም "ለካ እንዲህ ያከብሩኛል!" ብለው ደስ ስላላቸው ማዕረጉ ለልጅ ልጅ እንዲተላለፍ አዘዙ።

ችግሩ፣ ወደዚህች ከተማ ንጉሥ ብቅ ብሎ አያውቅም። ስለዚህ ያሁኑ ሊቀ ሳል፣ ከፀጉር ቤቱ ጎን ክርና የልብስ ቁልፍ እየሸጡ፣ የሚስሉለት ንጉሥ ቢያጡ ለራሳቸው መሳል ጀመሩ። ፀጉር ቤት ሲገቡ ይስላሉ፤ ሰው ካልተነሣ ከደጃፉ ንቅንቅ የለም። አንድ ቀን ጢሙን የሚያስተካክል ደንበኛ ደንግጦ ሲነሣ ግማሽ ጢሙ ምላጩ ላይ ቀረ።

"ክቡርነትዎ፣ የሰው ጢም አስበሉኝ እኮ!" አለ ፀጉር አስተካካዩ።

"ጢም ይበቅላል፣ አንተ ልጅ። ክብር ግን አንዴ ከተላጨ አይበቅልም። እኛ ባንስል ኖሮ ይህ መንግሥት አይቆምም ነበር!"

ይህችን የመጨረሻዋን ለሰላምታም፣ ለስንብትም፣ ለዋጋ ክርክርም ይጠቀሙባታል። ሰርግ ቤት ሙሽራዋን ቀድመው ስለው፣ ሕዝቡ ለሙሽራዋ የተዘጋጀውን እልልታ ለሳቸው ጨረሰው። ጤና ጣቢያ ደግሞ ወረፋ ላይ ሲስሉ ነርሷ አፋፍሳ፣ ጭምብል አድርጋላቸው፣ ለብቻ ክፍል ዘጋችባቸው። ማታ ሰፈሩን እየዞሩ "ስስል ስትሰማኝ ወዲያው አወቀችኝ፤ ልዩ ክፍል ተሰጠኝ" ሲሉ አመሹ። ወራሽ እንዳይኖራቸው ደግሞ ያለቻቸው አንዲት ሴት ልጅ አውቶቡስ ነጂ ናት። ሳሉን ትማር ዘንድ ቢለምኗት "አባዬ፣ እኔ ጥሩምባ አለኝ" አለቻቸው።

እንዲህ እያለ ወጣቱ ንጉሥ ነገሡ፤ ሥራ የሌለውን ማዕረግ ሁሉ መሰረዝም ጀመሩ። የግራ ጓንት ያዡ ተሰናበተ። የጥላ ጠባቂውም ተሰናበተ። ከዚያ ንጉሡ ራሳቸው የከተማዋን አዲስ የገበያ አዳራሽ ሊመርቁ እንደሚመጡ ተነገረ፤ ሊቀ ሳልም በሩ ላይ ቆመው ይሳሉ፣ ካቃታቸው ማዕረጉ እዚያው ያብቃ ተባለ።

ሰውዬው ጭንቀት ገደላቸው። ፀጉር አስተካካዩ "እሰይ! ጆሮዬ ሊያርፍ ነው" እያለ ፎከረ። ሚስቱ ግን ማር በሙቅ ውሃ እየበጠበጠች ትወስድላቸው ጀመር። ይህን ያየ ጎረቤትም ማሩን ይዞ ተሰለፈ። ሲስሉ የሚስቅባቸው ሁሉ አሁን "ጠጡ፣ ጉሮሮዎን ይጠብቅልዎ" ይላቸዋል። እሳቸውም እምቢ ማለት ነውር መስሏቸው ሁሉንም ጠጡ።

ቀኑ ደረሰ። ከተሜው አዳራሹን ሞልቶ ተቀምጧል። ንጉሡ ከበሩ ውጭ ቆመዋል። ሊቀ ሳል የአባታቸውን ካባ ደርበው፣ ደረታቸውን ነፍተው፣ አፋቸውን ከፈቱ። ወፍ የለም! ጉሮሮው በማር ብዛት ለስልሶ የሚይዘው ነገር አጣ። ደግመው ሞከሩ፤ እፍ የሚል ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ከንጉሡ ጋር የመጡት እልፍኝ አስከልካይ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"እንግዲህ ይህም ማዕረግ እዚህ ላይ አበቃ" አሉ።

ፀጉር አስተካካዩ የቆመው እዚያው ከሊቀ ሳል ኋላ ነበር። የሽማግሌው አንገት ካባው ውስጥ ሲሰምጥ አየ። ነገ ጠዋት እኚህ ሰው ድምፃቸውን አጥፍተው፣ እንደ ማንም ደንበኛ ወንበር ስበው ሲቀመጡ ታየው። ሳያስበው ሳለ። አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር። አዳራሹ ብድግ አለ፤ ንጉሡ ገብተው ተቀመጡ።

"ማነው የሳለው?" አሉ እልፍኝ አስከልካዩ። "ንጉሥን ስሎ ያስገባ፣ ማዕረጉ የሱ ነው።"

"እሳቸው ናቸዋ!" አለ ፀጉር አስተካካዩ ጣቱን ወደፊት ቀስሮ።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። ሊቀ ሳል ግን ዝም ብለው አያውቁም። ፊታቸው ደም መሰለ።

"እኔ? እኔ ነኝ ይህን የሳልኩት?" አሉ። "ክቡር ሆይ፣ ማዕረጌን ውሰዱ፣ ካባዬንም ግፈፉኝ፤ ይህን የፍየል ሳል ግን በኔ እንዳታላክኩ! በዘሬ እንዲህ አድርጎ የሳለ የለም! የኛ ሳል እኮ..."

ንዴቱ ጉሮሯቸውን ያዘው። ሳሉ። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፤ ሕፃናት አለቀሱ፤ የተቀመጠ ሁሉ ተነሣ። አሁን ገና የተቀመጡት ንጉሥም ሳይታወቃቸው ቀጥ ብለው ቆመው ተገኙ። ዙሪያቸውን ቃኙና ሳቃቸው መጣ።

"ይህኛውን ማዕረግ ተዉት" አሉ።

ሁለቱ ጎረቤታሞች ወደ ቤት ሲመለሱ ሊቀ ሳል የምስጋና ቃል አልተነፈሱም። መንገዱ ሲጋመስ ግን ድንገት ቆሙ።

"ከጉሮሮህ ነው የምታወጣው፤ ስህተትህ እሱ ነው" አሉ። "ልጄ እንደሆነች ጥሩምባዋን ይዛለች። በል፣ ከደረትህ አምጣው እስቲ።"

ፀጉር አስተካካዩ መንገደኛ ቢያየውም ግድ አልሰጠውም። ደረቱን ነፍቶ ሳለ።

"አሁንም ፍየል ነው" አሉት ክንዱን ይዘው። "ነገ ሱቅህን ከመክፈትህ በፊት ና።"

ፀጉር አስተካካዩ እኚህን ሰው እንደሚወዳቸው ያን ጊዜ ገባው። "እሺ፣ ክቡርነትዎ" አለ፤ በዚህ አጠራር ሳይቀልድ ሲጠራቸው የመጀመሪያው ነበር።