የማይቸኩሉት አናጺ

የሚቸኩል ሰው ሁሉ በዕድሜው አንድ ጊዜ የማይቸኩል አናጺ እጅ መውደቁ አይቀርም። እኔ የወደቅሁት እዚሁ አዳማ፣ ክቡር ኦቦ ጋዲሳ እጅ ነው።

ክቡር ያልኳቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ሠላሳ ዓመት በማሽን እንጨት ሠርተው፣ ዛሬም ሲጨብጡህ አምስቱም ጣት አለ። በዚህ ሙያ ይህ ከዲግሪ ይበልጣል።

ጉዳዬ ቀላል ነበር። ቅዳሜ ሽማግሌዎች ልጄን ሊዲን ሊጠይቁ ይመጣሉ፤ ጠረጴዛችን ደግሞ አንድ እግሩ ያነክሳል። ስለዚህ ጠርዙ እንደ ሳሙና የለሰለሰ ሞላላ ጠረጴዛ ዓርብ ይገባል ብዬ ለባለቤቴ ለዘመናይ ቃል ገባሁ። ኦቦ ጋዲሳን አላማከርኩም።

ማክሰኞ ስሄድ ገጹ በሞላላ ተቆርጦ ጠርዙን በማሽን ማውጣት ብቻ ቀርቶት ነበር። “ብቻ” ያልኩት እኔ ነኝ። እሳቸው መጀመሪያ ማሽኑን በጠርዙ ዙሪያ የሚመራ የጣውላ ፎርማ ሠሩ። ረቡዕን የፎርማውን ዳር በመዳፋቸው ሲዳስሱ ዋሉ፤ ከማሽኑ ተሽከርካሪ ቢላ ጋር ያለው ኩሽኔታ እሱን ተደግፎ ስለሚሄድ ፎርማው ላይ ያለች ጉድፍ ጠረጴዛው ላይ ትወጣለች አሉኝ። ሐሙስ እጃቸው ከቢላው እንዲርቅ እጀታ ገጠሙለት። ከዚያ እንጨቱን መጀመሪያ ቢላው አጠገብ ከቆመው የብረት ችካል አስደግፈው፣ ከቢላው አዟዟር በተቃራኒ እየገፉ፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳች ነገር ላጡ። አጠፉ። አዩ። “ሱታ” አሉ። ቀስ ማለታቸው ነው፤ ለእኔ ይሁን ለእንጨቱ አላውቅም።

በር ሊያሠራ የመጣ አንድ የመቂ ሽንኩርት ደላላ፣ እሱ ሦስት አይሱዙ በሚያስጭንበት ጊዜ እሳቸው አንድ ጥግ እንደሚያዞሩ በምሬት ነገራቸው።

“ሽንኩርት ይበቅላል” አሉት። “ጣት አይበቅልም።”

ከሁሉ የሚገርመው መብራት ሲሄድ የሚያደርጉት ነው። የማሽኑን ገመድ ከሶኬቱ ይነቅላሉ። መብራት የሌለውን ማሽን ከመብራት የሚነቅል ሰው አየሁ ብዬ ለዘመናይ አውርቼላት አብረን ስቀናል።

ዓርብ ከሰዓት፣ አንድ ዙር ሲቀረው፣ መብራት ሄደ። እኔ ውጭ ቆሜ “ሊያልቅ ነው” እያልኩ ለዘመናይ እደውል ነበር። ስመለስ ኦቦ ጋዲሳ ጎረቤት ሻይ ሊጠጡ ሄደዋል። ልርዳቸው አልኩ። መጀመሪያ ሁላችንም ቤታችን የምናደርገውን አደረግሁ፤ መብራት ሲመጣ እንድናውቅ የማሽኑን ማብሪያ አበራሁት። ቀጥሎ ቢላው ውስጥ የተሰገሰገውን ፍቅፋቂ በጣቴ መልቀም ጀመርኩ። በሁለቱ ሥራዎች መካከል ምንም ግንኙነት አልታየኝም። ዲግሪ አለኝ።

ሰፈሩ “መጣ!” ሲል አምፖሉ ቦግ አለ፤ መደርደሪያው ላይ ያለው ሬዲዮ መዝፈን ጀመረ። ጣቶቼ ቢላው ውስጥ ነበሩ። ቢላው ግን አልዞረም።

ኦቦ ጋዲሳ በሩ ላይ ቆመዋል። ማብሪያውን አዩ፤ እጄን አዩ።

“ማን አበራው?”

“መብራት ሲመጣ እንድናውቅ ብዬ ነው።”

“አወቅህ?”

ከጣውላው ክምር ኋላ፣ ከመውጣታቸው በፊት የነቀሉትን ገመድ አንስተው አሳዩኝ። ከዚያ እጆቼን ይዘው ጣቶቼን በኦሮምኛ አንድ በአንድ ቆጠሩ። ጨርሰው እንደገና ቆጠሩ።

ጠረጴዛው የገባው ቅዳሜ ነው፣ ከሽማግሌዎቹ አንድ ሰዓት ቀድሞ፤ ቫርኒሹ ገና አልደረቀም። ሽማግሌዎቹ ተናግረው ሲጨርሱ እኔ አሥሩንም ጣቶቼን ያ ለስላሳ ጠርዝ ላይ አሳርፌ ነበር።

“መልስዎ ምንድን ነው?” አሉኝ።

“ሱታ” አልኩ። ሊዲ ከጓዳ ብቅ ብላ ያየችኝን አስተያየት ለጠላቴም አልመኝም።

ጋብቻው ተፈቅዷል። የጣቶቼ አሻራ ግን እዚያው ደርቆ ቀረ። ዘመናይ ተመልሶ ይላግ፣ እንግዳ ያያል ትላለች። እኔ እሺ እላለሁ፣ አልወስደውም። ማታ ማታ እራት ስንጨርስ፣ ማንም ሳያየኝ፣ ጣቶቼን በየአሻራቸው ላይ አስቀምጬ እቆጥራለሁ። ሁልጊዜ አሥር ይመጣል።