የአማቴ ካምቢዮ

አንድ ተራ ቀን አማቴን፣ ማለትም የባለቤቴን አባት፣ የሚያስከፍላቸው ይህን ነው፦ ጠዋት ሃያ ሁለት ክላክስ፣ ማታ ሠላሳ አንድ፣ ከሌላ መኪና መስኮት የተወረወረ «አባት፣ የደከመው መኪናው ነው ወይስ እርስዎ?» የሚል ጥያቄ፣ እና አንድ ብስክሌት። ብስክሌቱ ያለፋቸው ነው።

መካኒክ ካለው ሌላ ሕግ የማያውቅ ሰው በየቤቱ አይጠፋም። ለእኛ ቤት ደግሞ የደረሰው የነሱ አለቃ ነው።

ሁለተኛው ማርሽ ዳገት በወጡ ቁጥር እየዘለለ ሲያስቸግር የማርሽ ሳጥኑ፣ ካምቢዮው፣ ወርዶ፣ ተፈቶ፣ እንደ አዲስ ተገጠመ። መካኒኩም፣ «እስኪላመድ ሺህ ኪሎ ሜትር በእርጋታ። ዳገት የለም፣ ጭነት የለም። አሁን ከተበላሸ ግን መኪናውን ለቁርጥራጭ ብረት ይሽጡት» አላቸው። ልጆቻቸውን ሁሉ ትምህርት ቤት ያመላለሱባት መኪና ናት። እንቅልፍ አጡ።

ክቡርነታቸው ካምቢዮው ሲናገር ለመስማት ብለው ሬዲዮ ከለከሉ። ቤታችን ዳገት ላይ ስለሆነ መኪናዋ ከሥር ካለው ሱቅ ደጃፍ ታድራለች፤ እኛ ሕፃንና አስቤዛ ተሸክመን እንወጣለን። ማርሽ ሲቀይሩ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። ከዚያ በመስታወቱ እኔን እያዩ፣ «ማርሽ እንደ ምራት ነው፤ ሲያከብሩት ይገባል እንጂ በግድ አይሆንም» ይላሉ።

«አባባ፣ ያ ቀስ በቀስ በእግሩ የሚሄደው እንቁላል ቀደመን እኮ» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ይቅደም። እንቁላል ካምቢዮ የለውም።»

አምስት መቶ ሲሞላ ዘይቱን ቀየሩ። የብረት ብናኝ እንደሌለው ለማሳየት አሮጌውን ዘይት በሚስታቸው በእማማ ነጭ ሳህን አድርገው ጎረቤት ለጎረቤት አዞሩት። እማማም፣ «እንግዲህ እራትህን በሱ ትበላለህ» አሏቸው።

ባለፈው ቅዳሜ ሺህ ሞላ። ዳገቱ ሥር ቆሙና ሁላችንንም «ግቡ» አሉን።

«አባዬ፣ ካልወጣች ትሸጣለች፤ ተስማማን?» አለ ባለቤቴ።

«ተስማማን።»

በአንደኛ ተነሱ። ቀድሞ ማርሹ ይዘልበት የነበረው ቦታ ላይ ስንደርስ ሁለተኛ አስገቡ። ባለቤቴ የማርሹን ዘንግ ሊይዝላቸው እጁን ዘረጋ።

«እጅህን ሰብስብ። ራሱን ችሏል።»

እውነትም ችሏል። ያ ብስክሌተኛ ወርዶ ብስክሌቱን እየገፋ ሲወጣ አለፍነው። አማቴ እንደ ንጉሥ አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው ሰላም አሉት።

ሰኞ እንደ ሰው ነዱ። ልጄ ግን ነቅቶ ጮኸ። ቤት ውስጥ እሹሩሩ አልበቃ ያለው ልጅ ለካ ይህን ሁሉ ሳምንት ደህና የተኛው በዚያ ቀርፋፋ እርምጃ ነው። እኔው ስነጫነጭ የከረምኩት፣ «አባባ፣ ትንሽ ቀስ ቢሉስ?» አልኩ። በመስታወቱ አዩኝና ወደ ሁለተኛ መለሱት።

ይህን እየጻፍኩ መሆኔን ሲሰሙ፣ «ለሚያነቡት አንድ ነገር አድርሺልኝ» አሉኝ። ይኸው፦ አንዲት ሰማያዊ አሮጌ መኪና ከፊታችሁ ስትንፏቀቅ ካያችሁ፣ እባካችሁ ክላክስ አታድርጉ። ካምቢዮው ደህና ነው። ልጅ ተኝቶብን ነው።