ድቡ፣ የጋሽ መኮንን ጸሎትና የቆለፍኩት መኪና

ወገን፣ ዛሬ የሠራሁትን አንብባችሁ አንፎሎው ብታደርጉኝ አልቀየማችሁም!

ሳቁብኝ። ግን ጨርሳችሁ ሳቁ።

ፌቨንን ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። እጮኛዬ ለመሆን ትንሽ የቀራት ልጅ ናት። ትንሿ ነገር አባቷ ናቸው፣ ጋሽ መኮንን። በሚቀጥለው ወር ሽማግሌ ልልክ ነው፤ እሳቸው ግን እስካሁን እሺም እምቢም አላሉም። ቱክዊላ ሰፈር ያለው ቤታቸው ስሄድ "እንደምን ነህ?" ይሉኛል፤ ከዚያ ወደ ቲቪያቸው ይመለሳሉ። በቃ!

ባለፈው እሁድ ግን ከቸርች ስንወጣ ትከሻዬን ያዝ አደረጉኝ።

"አንተ፣ ዓሣ ታጠምዳለህ አሉ?"

በሕይወቴ አጥምጄ አላውቅም። "በጣም እንጂ ጋሼ!" አልኳቸው።

እናንተ ብትሆኑስ ምን ትሉ ነበር?

ጋሽ መኮንን ሀዋሳ ነው ያደጉት። ዓሣ ሲባል ፊታቸው ይፈካል። ሶ የማጥመጃ ላይሰንስ አወጣሁ፣ ዘንግ ተዋስኩ፣ ሳምንቱን ዩቲዩብ ላይ ተተክዬ ከረምኩ። ሥራዬ ሹፌርነት ነው፤ ኤርፖርት ፓሴንጀር ስጠብቅ የማየው ሁሉ ስለ ሳልመን ዓሣ ሆነ። ዩቲዩብን ታውቁታላችሁ፣ ከሳልመን ወደ ድብ ወሰደኝ።

ዛሬ ጠዋት አነሳኋቸው። ከፊት፣ አጠገቤ ተቀመጡ። ወደ ተራራው እየነዳሁ መንገዱን ሙሉ ሌክቸር ሰጠኋቸው።

"ጋሼ፣ ድብ ከመጣ እንዳይሮጡ። እጅዎን ከፍ አድርገው ጮክ ብለው ያወራሉ። ዋናው ነገር ግን አንድ ላይ መቆም ነው። አይስጉ፣ እኔ ካጠገብዎ ንቅንቅ አልልም!"

"ካልክ እሺ ልጄ" አሉኝ።

አመኑኝ። አሁን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

መኪናውን ወንዙ አጠገብ ፓርክ አድርጌ ወረድን። እሳቸው ብዙም ሳይቆዩ ሁለት ሳልመን አወጡ። እኔ የገዛ ጃኬቴን ያዝኩ። ጋሽ መኮንን ሳቁ! ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም ነበር እኮ። "አይዞህ፣ እጅህ እስኪፈታ ነው" እያሉ መንጠቆውን ጃኬቴን ሳይቀዱ ቀስ ብለው አወጡልኝ። ደስ አለኝ፣ እንደ ልጅ ደስ አለኝ።

ምሳ ሰዓት ደረሰ። ፌቨን የቋጠረችልንን ቋንጣ ፍርፍር ድንጋይ ላይ ዘረጋነው። ዓሣዎቹ ያሉበት ባልዲ እዚያው አጠገባችን ነው።

"እንጸልይ" አሉ።

የቸርቻችን ሰው ይሄን ያውቃል። ጋሽ መኮንን ምሳ ሲባርኩ ምሳው ብቻ አይደለም የሚባረከው። አገር ይጸለይለታል፣ የታመመ በስም ይጠራል፣ ቢከን ሂል የሚኖሩት እህታቸው ጉልበት እንኳን አይረሳም። ፍርፍሩ ይቀዘቅዛል። ዓይን መግለጥ ነውር ነው፤ ማቋረጥማ ጭራሽ አይታሰብም።

እኔ ገለጥኩ። ፍርፍሩን ልይ ብዬ ነው፣ አልዋሽም።

ድብ!!

ጥቁር፣ ድንቡሽቡሽ ያለ፣ ከባልዲው ወዲያ ቆሞ ያየኛል። ሲተነፍስ ይሰማኛል።

"ኢየሱስ!" አልኩ።

ጋሼ ደስ አላቸው። መንፈስ የነካኝ መስሏቸው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

"ጌታ ሆይ!" አልኩ ደግሜ።

"አዎ ጌታ!" አሉ እሳቸው፣ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው።

"ጋሼ፣ ድብ!" ማለት ነበረብኝ። ይቺው ናት፣ አጭር ናት። ግን ሽማግሌ ሰው ጸሎት ላይ እያሉ እንዴት ይቋረጣል? ድብ ፊቴ ቆሞ ይሉኝታ ያዘኝ! እስቲ አሁን ይሄ ምን ይባላል?

ከዚያ እግሬ ይሉኝታውን ረሳው። ቀስ ብሎ ወደ ኋላ፣ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ። ጋሼ ይጸልያሉ፦

"ወንድ ልጅ አልሰጠኸኝም ብዬ አጉረምርሜብህ ነበር፣ ይቅር በለኝ። ይኸው ዛሬ ከጎኔ ያቆምከውን ልጅ አየሁት። ወደድኩት። ፌቨንን ስሰጠው..."

ከጎናቸው አልነበርኩም። መኪናው ጋ ደርሻለሁ።

ያን ሁሉ ጊዜ የጠበቅኩትን ቃል የሰማሁት የመኪና በር እየከፈትኩ ነው! መጨረሻውንማ አልሰማሁትም። ገብቼ በሩን ዘጋሁት።

ከዚያ እጄ፣ ይቺ የሹፌር እጄ፣ በልማዷ ቁልፉን ተጭና ሎክ አደረገችው።

"ጲጵ!" አለ መኪናው።

ጋሼ ዓይናቸውን ገለጡ። ድቡን አዩ። አጠገባቸው ያለውን ባዶ ቦታ አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ፣ በመስኮቱ።

አልሮጡም። የተዘረጉ እጆቻቸውን ይበልጥ ከፍ አድርገው፣ ጮክ ብለው ጸሎታቸውን ቀጠሉ። ጠዋት የነገርኳቸውን ሁሉ አደረጉት። አንድ ላይ መቆሙን ግን ብቻቸውን እንዴት ያድርጉት?

ድቡ ትንሽ አዳመጣቸው። ባልዲውን ገለበጠና አንዱን ሳልመን በአፉ ይዞ ወደ ጫካው ገባ።

"በኢየሱስ ስም" አሉና ዝም አሉ። አሜን የሚል ሰው እየጠበቁ ነበር።

"አሜን" አልኩ። መስኮቱ ግን ዝግ ነው።

ወርጄ ስሄድ ያልተነካውን ፍርፍር እየቋጠሩ ነው።

"ጋሼ..."

"እንሂድ፣ ይመሽብናል" አሉኝ። እኩለ ቀን ነበር!

የኋላውን በር ከፍተው ገቡ። እንደ ፓሴንጀር! በመስታወቱ ሳያቸው ውጭ ውጭውን ያያሉ።

ሃይዌዩን ስንይዝ ዝግ ብለው፣ "አንድ ላይ እንቆማለን ብለኸኝ ነበር እኮ" አሉ።

ቁጣ የለበትም። ምነው በተቆጡኝ! መሪ ይዤ እንባዬን እንኳ መጥረግ አፈርኩ።

ፌቨን በር ላይ ጠበቀችን።

"ዳዲ፣ ዓሣውስ?"

"አንዱን ድብ ወሰደው።"

"ድብ?! ኦ ማይ ጋድ! ናቲስ? ናቲ ምን አደረገ?"

ጋሼ ዞረው አዩኝ።

"ናቲ መኪናውን ጠበቀልን" አሉና የተረፈውን ሳልመን ይዘው ገቡ።

ፌቨን አቀፈችኝ! "ኖ ዌይ! እንኳን አባዬ ካንተ ጋር ሆነ" አለችኝ። እውነቱን ሳልነግራት መልሼ አቀፍኳት። ለሁለተኛ ጊዜ ሸሸሁ ማለት ነው፤ ያውም ድብ በሌለበት።

አሁን በራቸው ላይ ፓርክ አድርጌ ነው የምጽፍላችሁ። ይሄን ፖስት ከማድረጌ በፊት ገብቼ እውነቱን ራሴ እነግራታለሁ። ጋሼንም ይቅርታ እጠይቃለሁ። እንደዚያ ነው ያሰብኩት።

የመኪናዬ በር ግን አሁንም ሎክ ነው።

እስቲ የምታውቁ ንገሩኝ፣ በተዘጋ መስኮት ውስጥ የተባለ አሜን ይቆጠራል?