ጋሽ ገበር የሰዓቱን ዓይን ጋርደው እንደገና እንደ ከፈቱ የሚናገር ዜና

በዘመነ መንግሥቱ ለሰዓት፣ ልባቸው በሸፈተባቸው በሦስተኛው ዓመት፣ ካፖርት ሁሉ ለጥገና በሚመጣበት በዝናቡ ወራት፣ ሥዩመ መርፌ፣ ድል አድራጌ ካኪ፣ የሰፈሩን ሱሪ ሁሉ ያሳጠሩና ያስረዘሙ፣ ከሰፈሩ ግን አንዲት ምስጋና ያልደረሰቻቸው ኃያሉ ልብስ ሰፊ ጋሽ ገበር የፈጸሙት ገድል ይህ ነው። ጋሽ ገበር መባላቸውም ገበር የሌለው ነገር ከእጃቸው ስለማይወጣ ነው፤ ለኮት ገበር፣ ለቀሚስ ገበር፣ ለገበያ ከረጢት እንኳ ገበር ያስገባሉ። ስሙ የወጣላቸው ለክብር ሳይሆን ለስላቅ ነው፤ ያወጣውም የሟች ባለቤታቸው ወንድም፣ ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ተቆጣጣሪ ነው። ይህ ሰው እኅቱን ያገባ ልብስ ሰፊ እያለለት፣ ለራሱ ሠርግ ከመደብር የተሰቀለ ሙሉ ልብስ ገዝቶ፣ እጅጌው እስከ ጣቶቹ ወርዶ፣ በሱቁ ደጃፍ እየተንጎራደደ አልፏል። ጋሽ ገበር ያንን እጅጌ እስከ ዛሬ አልረሱትም፤ ደግሞስ እንዴት ይረሳል!

ወእምዝ የልባቸው ምት አንድ ጊዜ እንደ ፈረስ እየጋለበ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ትምህርት ቤት እንደ ጠላ ልጅ እየተጎተተ ቢያስቸግር፣ ፀጉር ሠሪዋ ሴት ልጃቸው፣ የእናቷን ግንባርና የአባቷን ግትርነት የወረሰችው፣ የልብ ምትና እርምጃ የሚቆጥር ሰዓት ገዝታ በእጃቸው አንጓ ላይ አሰረችላቸው። ሰዓቱም ከሥሩ አረንጓዴ ዓይን ነበረው፤ በዚያች ዓይን የደማቸውን ሩጫ በቆዳቸው ውስጥ እያየ፣ ያየውን ሁሉ ለልጃቸው ስልክ ያቀብላል። ወሬኛ በሞላበት በዚያ ሰፈር እንኳ እንዲህ ያለ ወሬኛ ታይቶ አያውቅም።

ሰዓቱም ክፉ ምስክርነት ይመሰክርባቸው ጀመር፤ ይኸውም «ተቀምጠው ዋሉ» የሚል ነበር። እሳቸው ግን የስፌት መኪናቸውን ፔዳል ከጧት ጀምሮ ሲረግጡ፣ ጉልበታቸው እስኪዝል ሲረግጡ ይውላሉ። ሰዓቱ የታሰረው ግን በእጃቸው ነው፤ እጅ ደግሞ ጨርቁን ቀጥ አድርጎ ሊመራ እንደ ሐውልት መጽናት አለበት፤ ስለዚህ የእግራቸው ድካም ሳይታይላቸው ቀረ። የእሳቸውን ድካም ሳያይ በመቅረት ሰዓቱ የመጀመሪያው አልነበረም። ተቆጣጣሪው ግን ያንኑ ዓይነት ሰዓት አስሮ፣ ሥራ ፈቶ ከካፌ ካፌ ሲዞር በዋለ ቁጥር ሰዓቱ የርችት ሥዕል እያበራ ያሞግሰዋል። እሱም ክንዱን በሱቁ መስኮት አስገብቶ እንዲህ ሲል ያውጃል፦ «አማቼ፣ እስቲ እየው! እኔ ከተማውን አካልዬ መጣሁ፤ ያንተው ሰዓት ግን ሰልችቶት እንቅልፍ ጥሎታል!»

በውእቱ መዋዕል ልጅቱ ከሰፈሩ ክሊኒክ ነርስ ጋር መክራ አዋጅ አወጣች፦ «አባዬ፣ ደህና አድርገህ ስማኝ! ነርሷ ተንቀሳቀስ ብላሃለች። ይሄ ሰዓት አሁንም ተቀምጦ ዋለ ካለኝ የሱቁን ቁልፍ ትሰጠኛለህ፤ እኔ ቤት ገብተህ በረንዳ ላይ አርፈህ ትቀመጣለህ። በቃ፣ ክርክር የለም!»

አዋጁም ጋሽ ገበርን እንደ ካውያ አቃጠላቸው። ተቀመጥክ ተብሎ የተከሰሰ ሰው ቅጣቱ ሄዶ መቀመጥ ሆነ! ያውም ያንን ሱቅ ጥሎ፤ ከሚስታቸው ጋር የከፈቱትን፣ መርፌ እንዳይወጋት ታጠልቀው የነበረው የጣቷ ቆብ ዛሬም በመሳቢያው ያለበትን ሱቅ። ስለዚህ ሰዓቱ ሥራ ወዳለበት ይውረድ ብለው ከእጃቸው ፈትተው ወደ ቁርጭምጭሚታቸው አወረዱት። ማሰሪያው ቢያጥር ላስቲክ ቀጠሉለት፤ በድርብ ስፌትም አጸኑት። ነገር ግን የሰዓቱ ጀርባ ቀዘቀዛቸው፤ እጃቸውም የለመደውን አይተውምና ከምርጥ ሳቲን ቁራጭ ቆርጠው፣ ጠርዙን አጥፈው፣ ጀርባውን ገበር አለበሱት። አረንጓዴው ዓይንም ተጋረደ።

በማግስቱ የዘበኞች የደንብ ልብስ ተቆልሎላቸው ነበርና ፔዳሉን በኃይል ይረግጡት ጀመር። ሰዓቱም እርምጃውን እየቆጠረ ተደሰተ፤ ልባቸውን ሊያይ ቢሻ ግን ያገኘው ሳቲን ነው። ለልጅቱም ስልክ እንዲህ ሲል አዋጅ ላከ፦ «ባለቤቱ በብርቱ እየተራመዱ ነው፤ የልብ ምት አልተገኘም።»

ልጅቱ ደወለች፤ የእሳቸው ስልክ ግን ከካኪው ክምር ሥር ነበር። ያን ጊዜ ማበጠሪያዋን እንደ ያዘች ወጥታ ሮጠች። የተከተላትም ሠራዊት ይህ ነው፦ ግማሽ ፀጉሯ ተሠርቶ ግማሹ የቆመባት ደንበኛ፤ ነርሷ ከነጓንቷ፤ ጫማ ሠሪው ከነመዶሻው፤ ሱሪያቸውን ሊረከቡ ቀጠሮ የነበራቸውና ሱሪው ሳያልቅ ሰውዬው አለቁ ብለው ከሁሉም ይልቅ ያዘኑ አንድ ሽማግሌ፤ ከኋላም፣ ከሁሉ ኋላ፣ ተቆጣጣሪው።

በሩንም በርግደው ቢገቡ፣ ሞተዋል የተባሉት ሰው መኪናቸውን እያንጫጩ አገኟቸው። በአፋቸው ሙሉ መርፌ ነክሰው ነበርና ለጥያቄው ሁሉ አንዲት ቃል አልመለሱም፤ ይህም ጭንቁን አባሰው። ልጅቱ እጃቸውን አፈፍ አድርጋ ጣቶቿን ከአንጓቸው ላይ አኖረች፤ የፀጉር ቅባት ባለበት ጣቷ የልባቸውን ምት አዳመጠች፤ ደጋግማም አዳመጠች፤ ከዚያ በኋላ ማልቀስና መሳቅ ባንድ ላይ መጣባት። ጋሽ ገበርም ማበጠሪያው ገና በሌላው እጇ እንዳለ አዩ፤ ያን ጊዜ ቁልፉም በረንዳውም ከልባቸው ጠፋ።

ነርሷ ተንበርክካ ሰዓቱን ገለበጠችና አወጀች፦ «ጋሼ፣ ይሄ የሚያየው ቆዳዎን ነበር፤ እርስዎ ሳቲን አልብሰውታል! ፔዳሉም ሥራ ነው፣ አልክድም፤ ብቻ ብድግ እያሉ ይራመዱ እንጂ።» ሠራዊቱም ሳቀ፤ አብልጦ የሳቀው ተቆጣጣሪው ነበር። ነገር ግን የሱ ሰዓት በክንዱ ላይ ጮኸ፦ «የልብ ምትዎ እጅግ ፈጥኗል፤ ይቀመጡ!» ከጋሽ ገበር በርጩማ በቀር መቀመጫ አልነበረምና፣ ጋሽ ገበር ብድግ ቢሉለት ከዚያው ላይ ዘጭ አለ፤ ቆመው የቀሩትም ጋሽ ገበር ናቸው።

ወካዕበ ኃያሉ መርፌዎቹን ከአፋቸው አውጥተው ትንሹን መቀስ አነሡ፤ ከገበሩ መካከል በአረንጓዴው ዓይን ልክ ቀደዱ፤ ቀዳዳውንም እንደ ሙሽራ ኮት የአዝራር ቀዳዳ በእጅ ስፌት ከፈፉት። ሰዓቱን በእግራቸው አስረው ፔዳሉን በቁማቸው ቢረግጡ፣ ልጅቱ ከስልኳ ላይ እርምጃውንም ልባቸውንም ባንድነት አየች። አወጀችም፦ «ቁልፉ ያንተ ነው አባዬ! ግን ስደውል መርፌህን ትፍና አንሳ። ማታ ማታም እስከ ሳሎኔ በእግርህ መጥተህ ትወስደኛለህ።»

ሰዉ ከተበተነ በኋላ ተቆጣጣሪው ከበርጩማው አልተነሣም። ሰዓቱን ፈትቶ ዘረጋላቸው፤ የሰዓቱ ማሰሪያ የአንጓውን ቆዳ አቅልቶታል። ጋሽ ገበርም ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው አንጓውን ለኩ፤ ሊለኩም የዚያኑ የሠርግ ኮት እጅጌ ወደ ላይ ሰበሰቡ፤ እጅጌው ዛሬም እስከ ጣቶቹ ይደርስ ነበር። ለሰዓቱ ቀዳዳ ያለው ገበር ሰፉለት። ኮቱንም አስወልቀው፣ ሳይጠየቁ፣ እጅጌውን አሳጠሩት።

ስለዚህ ጋሽ ገበር የሚለው ስም ከስላቅ ወጥቶ ወደ ክብር ገባ። ተቀምጠው ለሚራመዱት፣ ዓይን ለጋረዱና ዓይን ለከፈቱ፣ የሸፈተ ልባቸውን በአንዲት ቀዳዳ ላስገበሩ፣ ያንን እጅጌ በልኩ ላደረሱ ለኃያሉ ልብስ ሰፊ፣ መርፌ እስካለና ክር እስካላለቀ ድረስ ክብር ይሁን!